ለሕፃናት ምግብ የሚጀመርበት ጊዜ በገጠር

ተጨማሪ ምግብ የሚባለው ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ የሚመገበው ማንኛውም ምግብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የሚጀመረው ስድስት ወር (180 ቀን) ሲሞላ ሲሆን፣ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ምክሩ ለከተማም ለገጠርም አንድ ነው። በገጠር ግን ውሃው ከሩቅ ይቀዳል፣ እናት ለእርሻ ትወጣለች፣ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ከታላቅ እህቱ ጋር ይውላል፤ ስለዚህ ቀኑን መጠበቅ ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ብረት ነው። በወቅቱ የተወለደ ሕፃን ከማህፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ክምችት በግምት ለስድስት ወር ይበቃዋል፤ በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። እትብቱ ከመታሰሩ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ከተጠበቀ ክምችቱ ከፍ ይላል። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ግን ቶሎ ስለሚያልቅበት ከሁለት ወር ጀምሮ የብረት ጠብታ ይታዘዝለታል። በስድስት ወር አካባቢ ሕፃኑ አንገቱን ያጸናል፣ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ማንኪያ ሲቀርብለትም በምላሱ መግፋቱን ይተዋል።

ስለዚህ ቀን ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከገጠር ነው፤ ባለውለታዎቹም በራቸውን ለተመራማሪዎች የከፈቱ እናቶችና ሚዛን ተሸክመው ከቤት ቤት የዞሩ ሠራተኞች ናቸው። በሕንድ ፑንጃብና በጓቲማላ መንደሮች የተሠሩ ጥናቶች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተቅማጥ የሚበረታው ልጆች ከጡት ወደ ምግብ በሚሸጋገሩባቸው ወራት መሆኑን አሳዩ። በጋምቢያዋ የኬኔባ መንደር ደግሞ ተመራማሪዎች የሕፃናቱን ገንፎ ከድስቱ እየቀዱ መረመሩ፤ ውጤቱም በ1978 ታተመ። ጠዋት ተሠርቶ የተቀመጠው ገንፎ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ጀርሙ ይበዛበት ነበር። የባሰው በክረምት ነበር፤ እናቶች ከማሳ የማይመለሱበት፣ ምግብ አንዴ ተሠርቶ ሙሉ ቀን የሚበላበት ወቅት ነውና። ምግብ ሲዘገይ ልጁ ይጎዳል፣ ሲቀድም ይታመማል፤ ይህ ጭንቅ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ስም እስኪወጣለት ድረስ ታወቀ።

ታዲያ ምግቡ ንጹሕ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ በሆንዱራስ ሳን ፔድሮ ሱላ በ141 ሕፃናት ላይ የተደረገና በ1994 የታተመ ጥናት መለሰው። ታሽጎ የተዘጋጀ ንጹሕ ምግብ በአራት ወር የጀመሩት ሕፃናት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ከጠቡት የተሻለ አላደጉም፤ ምግቡ በተጨመረ መጠን ጡት መጥባታቸው ቀነሰ።

እስከ 1990ዎቹ የነበረው ምክር «ከአራት እስከ ስድስት ወር» ይል ነበር። በግንቦት 2001 የዓለም ጤና ጉባኤ ስድስት ወር ብሎ ወሰነ። የአውሮፓ የሕፃናት ሥነ ምግብ ማኅበር ከአራት ወር በፊት አይጀመር፣ ከስድስት ወርም አይለፍ ይላል፤ ይህ ለሀብታም አገር ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ለሌለበት መንደር ግን የስድስት ወሩ ምክር ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው።

መዘግየቱም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር 300፣ በሁለተኛ ዓመቱ ደግሞ 550 ከምግብ ማግኘት አለበት። የስምንት ወር ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የቀጠነ ገንፎ ሆዱን ይሞላል እንጂ አያጠግበውም። መለኪያው ማንኪያው ነው፦ ዘንበል ሲደረግ ገንፎው ሳይፈስ ከላዩ ከቆየ በቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ይመገባል። ጡት ወተትን ጨምሮ ከስምንት የምግብ ምድቦች ቢያንስ አምስቱን በቀን ማግኘቱ የስብጥር መለኪያ ነው።

ስለ እንቁላል የተገኘው ውጤት አንድ አይደለም። በኢኳዶር በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨራቸው በእጅጉ ቀነሰ (2017)፤ በማላዊ ገጠር ሲደገም ግን በዕድገት ላይ ለውጥ አልታየም። ማላዊ ላይ ሕፃናቱ ቀድሞም ዓሣ ይመገቡ ስለነበር ሊሆን ይችላል።

በ2018 እና በ2019 የወጡት የባንግላዴሽ፣ የኬንያና የዚምባብዌ የገጠር ጥናቶች ከስድስት ወር ጀምሮ የተሰጠው ተጨማሪ ምግብ ቁመትን በጥቂቱ እንዳሻሻለ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠቢያ ማዳረሱ ግን በቁመት ላይ የጨመረው ነገር እንደሌለ አሳይተዋል። ተቅማጥን የቀነሰው በባንግላዴሽ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነስተው ለገጠር ቤት ከመታጠቢያ ጣሳና ከጉድጓድ መጸዳጃ የላቀ የውሃና የንጽሕና ሥራ እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል።