የጣና ነጭ ዓሣዎችና እንቁላል የሚጥሉባቸው ገባር ወንዞች

የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣዎች በሳይንሳዊ መጠሪያቸው ላቢዮባርበስ በሚባለው ወገን ሥር የሚመደቡ፣ አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ አገር በቀል ዓሣዎች ናቸው። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውና ከፍታው 40 ሜትር ገደማ የሆነው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ተፋሰስ ዓሣዎች ስለለያቸው፣ በዚሁ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው 15 ያህል ዝርያዎች ለመሆን በቅተዋል። ከእነዚህም ስምንቱ ሌሎች ዓሣዎችን አድነው የሚበሉ ሲሆኑ፣ መንጋጋቸው ጥርስ በሌለው በዚህ የዓሣ ቤተሰብ (የካርፕ ቤተሰብ) ውስጥ ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው። የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ ስብስብ ነበረው፤ ነገር ግን ከመጠን ባለፈ ማስገርና ከውጭ በገቡ ዓሣዎች ሳቢያ ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዝርያዎቹ 15ቱ ከምድረ ገጽ መጥፋታቸው በይፋ ተመዝግቧል። በመሆኑም ጣና በዓለም ላይ ሳይበተን የቀረው የዚህ ዓይነት ታላቅ ሀብት ባለአደራ ነው።

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና ዓሣዎች የተወሰኑትን ገልጾ ሰይሟል። የዓሣ ተመራማሪው ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ሥር ጠቅልሏቸው የነበረ ቢሆንም፣ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ በአፍ ቅርጽ፣ በአመጋገብና በመራቢያ ልማድ ያላቸውን ልዩነት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2000 እንደገና ለይተው መድበዋቸዋል። ልዩነቱ የዝርያ ነው ወይስ የመልክ የሚለው ክርክር ከሞላ ጎደል እልባት አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ በዘረመል ረገድ ግን እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸው አይካድም።

የእነዚህ ዓሣዎች ዕጣ የሚወሰነው ከሐይቁ ይልቅ በወንዞቹ ነው። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ክረምቱ ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በሌሎችም ገባሮች ሽቅብ ይጓዛሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ከዋናው ደፍራሳ ወንዝ ወደ ትናንሽ ጅረቶች ገብተው ውኃው ጥልቀት በሌለው፣ በጠራና ኦክስጅን በሞላበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ዝርያዎቹ በአንድ ወንዝ ቢጠቀሙም አንዱ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት እያለ በተለያየ ጅረት ስለሚራቡ፣ አንዲት ጅረት ስትበላሽ ጉዳቱ በአንዱ ዝርያ ላይ ከሌላው ይልቅ ሊከብድ ይችላል።

ለብዙ ዘመናት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች፣ በተለይም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት፣ በደንገል ታንኳ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ያሰግሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድስ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሆነ መልካም ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ መረቡ በመራቢያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መዘርጋት ሲጀምር፣ ሽቅብ ለመጓዝ የተሰበሰቡትን እንቁላል ያዘሉ ዓሣዎች በአንድነት ጠራርጎ አወጣቸው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) በሐይቁ ዳርቻ ስለሚራባና ቶሎ ስለሚያድግ የማስገር ጫናን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ነጭ ዓሣ ግን ለመራባት ዓመታት ስለሚፈጅበት የተጎዳው መንጋ በቀላሉ አይተካም። ተመራማሪው ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አነጻጽረው፣ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውንና የጫጩቶቹ ብዛት ከዚያም በባሰ ሁኔታ ማሽቆልቆሉን ደርሰውበታል። ምክንያቱ የተፈጥሮ መለዋወጥ ሳይሆን በወንዝ አፍ ላይ የሚካሄደው ማስገር መሆኑንም አስረድተዋል። የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ በየወንዙ ያደረጓቸው ትጋት የተሞላባቸው ጥናቶችም ያንኑ ሥጋት ያጠናክራሉ።

በወንዞቹ ላይ ያለው ጫና በመረብ አያበቃም። የብርብራ ዛፍን ፍሬ ፈጭቶ በጅረት ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ የሚፈጅ በመሆኑ በመራቢያ ጅረቶች ላይ የሚያደርሰው ጥፋት ከባድ ነው። ለግንባታ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር ደግሞ እንቁላል የሚጣልበትን ወለል ራሱን ጭኖ ይወስዳል፤ ይህ ጉዳት ምንም አያከራክርም። በፎገራ ሜዳ በበጋ ለመስኖ በሞተር የሚሳበው ውኃ በወንዙ ኩሬዎች የቀሩትን ጫጩቶች መጠለያ ያሳጣል፤ ተዳፋት መሬት በታረሰ ቁጥርም የሚወርደው ደለል ይጨምራል።

የቆጋ፣ የርብና የመገጭ ግድቦች ጉዳይ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ሆኖም ግድብ የዓሣን መንገድ ይዘጋል፣ የጎርፉን ወቅትና መጠንም ይለውጣል፤ ከግድቡ በታች የሚለቀቀው ውኃ በክረምቱ የጉዞ ወራት በቂ ከሆነ ግን ጉዳቱ ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ መታየቱ የታወቀው እንቦጭም የመገጭን አፍ አካባቢ ቀድሞ ከወረራቸው ቦታዎች አንዱ አድርጎታል።

ለጥበቃው የሕግ መሠረት አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቁጥጥሩ ግን በሐይቁ ወደቦች ላይ ያተኮረ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ነጭ ዓሣውን አያድነውም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዝ አፎችን ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ አሸዋ ማውጣት የተከለከለባቸውን የመራቢያ ጅረቶች በየቀበሌው ለይቶ ማወጅና ከግድቦች የሚለቀቀውን ውኃ ከዓሣው ጉዞ ጋር ማጣጣም ወዲያው ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።