የሐሰት የኤሌክትሮኒክ የመልካም ምኞት ካርድ

የሐሰት የኤሌክትሮኒክ የመልካም ምኞት ካርድ የበዓል ወይም የልደት ደስታ መግለጫ መስሎ በኢሜይል የሚላክ ማጭበርበሪያ ነው። ዓላማው ተቀባዩ ጎጂ ፕሮግራም በገዛ እጁ እንዲጭን፣ አለዚያም የይለፍ ቃሉን በሐሰተኛ መግቢያ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ለአጭበርባሪው መንገዱን የጠረገለት የካርዱ የራሱ አሠራር ነው። ጁዲት ዶናት እ.ኤ.አ. በ1994 በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ የድረ ገጽ ፖስትካርድ ስትጀምር፣ በኢሜይል የሚደርሰው ካርዱ ሳይሆን ካርዱን ከድረ ገጹ ማውጫ መለያ ቁጥር ነበር። በኋላ የመጡትም አገልግሎቶች በአብዛኛው ይህንኑ ተከተሉ። ስለዚህ «ካርድ ደርሶዎታል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት ማንንም አያስደነግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2002 «ፍሬንድ ግሪቲንግስ» የተባለው ካርድ ተንኮሉን እንኳ አልደበቀም። ካርዱን ለማየት ፕሮግራም መጫን ያስፈልግ ነበር፤ የስምምነት ውሉም አውትሉክ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ላሉ አድራሻዎች ሁሉ ኢሜይል እንደሚልክ በግልጽ ይናገራል። ውሉን ማን ያነባል? እ.ኤ.አ. በ2007 አጋማሽ ደግሞ ስቶርም ዎርም የተባለው ጎጂ ፕሮግራም አሰራጮች «ከቤተሰብ አባል ፖስትካርድ ደርሶዎታል» በሚል ርዕስ ዓለምን አጥለቀለቁ። ላኪው አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ስም ግን የለውም። ሊንኩ በድረ ገጽ ስም ፋንታ ቁጥር ብቻ የያዘ ሲሆን፣ «ኢካርድ.ኢኤክስኢ» (ecard.exe) የሚባል የፕሮግራም ፋይል ያስወርዳል። የተበከለው ኮምፒውተርም በተራው ለሌሎች ካርድ ላኪ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ከዋይት ሀውስ የተላከ የገና ካርድ የመሰለ ኢሜይል ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞችን አታልሎ ሰነዶቻቸውን ሰርቋል።

ዋናው መለያ እንግዲህ ስም ነው። እውነተኛ ካርድ የላኪውን ስም ይናገራል፤ «አንድ ወዳጅዎ» የሚል ካርድ መጣል አለበት። ስም መኖሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ የወዳጅ ኢሜይል ተጠልፎ ሊሆን ይችላልና «ካርድ ልከህልኛል ወይ?» ብሎ በስልክ መጠየቅ ይበጃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሊንኩን ሳይነኩ የካርድ አገልግሎቱን አድራሻ በራስ እጅ አሳሹ ላይ ጽፎ መግባትና መለያ ቁጥሩን እዚያ ማስገባት ነው። ቁጥሩ ካልሠራ ካርዱ የለም።

ሊንክ የሚመረመረው በኮምፒውተር ቀስቱን ሳይጫኑ በላዩ በማሳረፍ፣ በስልክ ደግሞ ጣትን ተጭኖ በማቆየት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከግራ ስለሚያነቡ ነው። የገጹ ባለቤት የሚታወቀው ከመጀመሪያው ነጠላ ስላሽ (/) በፊት ባለው ጫፍ ነው፤ «ካርድቤት.ኮም.ሽልማት.ኔት» የሚል አድራሻ የካርድቤት ሳይሆን የ«ሽልማት.ኔት» ነው። አባሪ ፋይልም እንዲሁ ከመጨረሻው ይነበባል። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን፣ ማለትም የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የስሙን መጨረሻ፣ ስለሚደብቅ «ካርድ.ጄፒጂ.ኢኤክስኢ» የተባለ ፕሮግራም «ካርድ.ጄፒጂ» የሚል ተራ ፎቶ መስሎ ይታያል። ካርድ ለማየት ፕሮግራም መጫን ወይም የኢሜይል ይለፍ ቃል መስጠት አያስፈልግም።

ለእንቁጣጣሽና ለገና በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚዞሩት «ስምዎን ይጻፉ» የሚሉ ገጾች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ብዙዎቹ ማስታወቂያ ከማሳየት አያልፉም፤ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ የሚጠይቅ ገጽ ግን አካውንቱን ሊወስድ ነው።

ኢሜይሉን ከፍቶ ማንበብ ብቻውን ብዙ ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ ምስሎቹ ከተጫኑ ግን ላኪው የተቀባዩ አድራሻ እንደሚሠራ ሊያውቅ ይችላል። «ምዝገባዬን ሰርዙ» የሚለውን መጫንም ያው ነው። ፋይሉ ከተከፈተ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ማቋረጥ፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መቀየር ይገባል። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የተቀየረ የይለፍ ቃል ለሌባው አዲሱን ቁልፍ ማስረከብ ነው። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ማብራትና በኢሜይሉ ቅንብር ውስጥ ደብዳቤዎችን ወደማይታወቅ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ስለሚረሳ፣ የይለፍ ቃሉ ከተቀየረ በኋላም ደብዳቤ ሲሾልክ ይኖራል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ድርጊት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ለማመልከት የሚያስብ ሰው ኢሜይሉን መሰረዝ የለበትም። የስክሪን ፎቶ አይበቃም፤ መልእክቱ በየትኞቹ ሰርቨሮች አልፎ እንደመጣ የሚያሳየው የተደበቀው የራስጌ መረጃ ያለው በዋናው ኢሜይል ውስጥ ብቻ ነው።