የሌንስ ፈንገስ ምንድን ነው? የአሮጌ ካሜራን ዋጋስ ለምን ይጥላል?

የሌንስ ፈንገስ በካሜራ ሌንስ መስታወቶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም በውስጠኛው ገጽ፣ የሚበቅል ሻጋታ ነው። ዘሩ በየትኛውም አየር ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው እርጥበትና ጥቂት ምግብ ብቻ ነው። ምግቡ አቧራ፣ የጣት ወዝና ፎከስ ሲስተካከል ከሚዞረው የሌንሱ ጥርስ የሚተን ግሪስ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ65–70 በመቶ አልፎ ቀናት ሲሰነብት መብቀል ይጀምራል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ለሚወርድባት ጅማ ይህ የክረምቱ የዘወትር ሁኔታ ነው። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ቢገባ ምን እንደሚሆን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ካሜራውን ግን በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ይከርማል።

ጉዳቱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ክሩ በመስታወቱ ላይ ብቻ ይዘረጋል፤ ይህ ይጠረጋል። ቆይቶ ግን ፈንገሱ የሚያመነጨው አሲድ ጸረ ነጸብራቅ ሽፋኑን፣ ቀጥሎም መስታወቱን ራሱን ይበላል። ያን ጊዜ ፈንገሱ ቢጠረግም ፈለጉ አይጠፋም። ፎቶው ይደበዝዛል፣ በተለይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን። የኋለኛው መስታወት ላይ ያለ ጉዳት ከፊተኛው ይልቅ ፎቶውን ያበላሻል።

ዋጋው ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል። ዜኒት-ኢ የተባለው የሶቪየት ካሜራ ከሶስት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ሌንሱ የተበላ ከሆነ ንጹሕ ሌላ ማግኘት ስለማያስቸግር ማንም አይፈልገውም። ከዜኒቱ የሚሸጠው በአብዛኛው 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ ሌንስ ነው። ብርቅ ካሜራ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ20 ጥቂት በላይ ብቻ ከተሠሩት የጀርመኑ ካሜራ የላይካ ዜሮ ናሙናዎች መካከል የላይካ ፈልሳፊ የኦስካር ባርናክ የነበረው ቁጥር 105፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን ውስጥ በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። እንዲህ ባለው ላይ ዋጋውን የሚወስኑት ብዛቱ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የባለቤትነት ታሪኩና ክፍሎቹ ያልተቀየሩ መሆናቸው ነው። (ላይካ ተብለው የሚቀርቡ ብዙ ካሜራዎች ስማቸው ተፍቆ «ላይካ» የተቀረጸባቸው ፌድና ዞርኪ የተባሉ የሶቪየት ቅጂዎች ናቸው፤ ከመስታወቱ በፊት ይህ ይጣራ።)

ለመፈተሽ የስልክ መብራት ይበቃል። የብርሃን ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መብራቱን ከኋላ በኩል ትንሽ አጋድላችሁ አብሩ፣ ከፊት ተመልከቱ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ድገሙት። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቀጭን ነጭ ክር ፈንገስ ነው። እኩል የተነጠፈ ጭጋግ የግሪስ ትነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይጸዳል። ከጠርዝ የሚጀምር የቀስተ ደመና ቀለም ወይም አረፋ ግን መስታወቶቹን ያጣበቀው ማጣበቂያ መላቀቁን ያሳያል፤ ያንን ለባለሙያ እንኳ መስጠት አያዋጣም። ጥቂት የአቧራ ነጥቦች ምንም አይደሉም፣ ሻጭ ላይ ዋጋ ለማውረድ ካልሆነ በቀር።

ገጹ የሚደረስበት ከሆነ ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። አቧራውን በመንፊያ አስወግዱ፤ አለዚያ በጥጡ እየተጎተተ ይቧጭራል። ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በጥጥ ነክራችሁ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉበት፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ፣ በአልኮል ጨርሱ። መስታወቱን ፈሳሽ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ፈሳሹ በተጣበቁት መስታወቶች መካከል ይገባል። አሴቶን የጠርዙን ጥቁር ቀለም ያነሳል። በረኪና ጨርሶ አይሞከርም። መስታወቱን የያዘውን ቀለበት በቢላ ጫፍ መፍታት ደግሞ ከፈንገሱ የባሰ ጥፋት ነው፤ አንድ ጊዜ ካመለጠ መስታወቱ ላይ ያርፋል። የፎከሱን ጥርስ የሚፈታ ሰው የተላቀቀበትን ቦታ በእርሳስ ካላመለከተ፣ ሲገጥመው ሌንሱ ሩቁን አጥርቶ አያሳይም።

«አንዱ ካሜራ ለሌላው ያጋባል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የታመመውን መለየት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ዋናው ተጠያቂ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው 10 ሊትር የፕላስቲክ ሳጥን፣ 50 ግራም ገደማ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) እና ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ይቁም፤ ከ30 በታች ከወረደ ግሪሱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሲሊካው ሲጠግብ ነጩን ዓይነት ከከረጢቱ አውጥታችሁ በቆርቆሮ ላይ 120 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሶስት ሰዓት አድርቁት። በምትኩ ሩዝ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሩዝ የሚጨምረው ዱቄት ነው። የቆዳ ማኅደሩን አትጣሉት፣ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፤ ግን ከካሜራው ለብቻው ይቀመጥ።

በጥቅምት ፀሐይ ማናፈስም ይረዳል፣ በአንድ ጥንቃቄ፦ ላይካን፣ ፌድንና ዞርኪን ክዳናቸውን አውልቃችሁ ወደ ፀሐይ አታዙሩ። በሌንሱና ፊልሙን ከብርሃን በሚጋርደው የጨርቅ መጋረጃ (ሸተር) መካከል እንደ ዜኒት ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት ስለሌለ፣ ሌንሱ ፀሐይዋን ሰብስቦ መጋረጃውን ያቃጥለዋል።