ተንሸራታች የመኪና ክፍል ምንድን ነው?

አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው የጉዞ መኪና መሀል አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይታይም። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ግን ቢያንስ ፎቶውን ሳያይ አይቀርም። እዚያ የመኪና ስፋት በሕግ የተገደበ ነው፤ በአብዛኛው ከ2.6 ሜትር አይበልጥም። ለሳሎን ይጠባል። ስለዚህ ከግድግዳው አንዱ ክፍል ሶፋውን ወይም አልጋውን እንደያዘ ተገፍቶ ይወጣል። መኪናው ሊነሳ ሲል ደግሞ ይገባል። ተንሸራታች ክፍል የሚባለው ይህ ነው። ኒውማር የተባለው የአሜሪካ አምራች እ.ኤ.አ. በ1990 መኪኖቹ ላይ ገጠመው፤ ዛሬ የተለመደ ነገር ሆኗል።

አሠራሩ ለታክሲ ተሳፋሪ እንግዳ አይደለም። የሚኒባስ በር ሐዲዱ አቧራ ሲጠጣ ረዳቱ በሁለት እጁ ይታገለዋል። እዚህም ችግሩ ያው ነው፤ ክብደቱ ግን በመቶዎች ኪሎ ይቆጠራል፣ የሚገፋውም ሞተር ነው። አንዳንዱ በጥርስና በዘንግ ይሠራል፣ አንዳንዱ በዘይት ግፊት፣ ሌላው በሽቦ ገመድ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ሞተር ያለውም አለ። እሱ ላይ አንዱ ሞተር ከቀደመ ክፍሉ ተንጋዶ ይነክሳል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እስከ መጨረሻው ማስወጣት፣ ሞተሮቹ ራሳቸው እስኪቆሙ ማብሪያውን አለመልቀቅ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ማስገባት ነው። መሀል ላይ እያቆሙ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ያብስበታል።

ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ግን ባትሪው ይለካ። የ12 ቮልት ባትሪ ሲደክም ሞተሩ ያቃስትና ክፍሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። መኪናው የቆመበት ቦታም ደልዳላ ይሁን፤ ሻሲው ከተጣመመ ሐዲዱም ይጣመማል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የግራሶ ነገር ነው። የተንጫጫ ነገር ሁሉ ላይ ግራሶ መለቅለቅ ልማዳችን ነው። ግራሶ አቧራ ይይዛል፤ አቧራ የያዘ ግራሶ ደግሞ ብረት ይሞርዳል። ሐዲዱን በጨርቅ ጠርጎ አቧራ የማይዝ ደረቅ ማለስለሻ መንፋት ይሻላል። ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማም በናፍጣ ወይም በቤንዚን አይጸዳም። ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ውሃ ያስገባል። በሳሙና ውሃ ታጥቦ ለጎማ የተሠራ ቅባት ይቀባ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ፀሐዩ ጎማ ቶሎ ያደርቃል።

ማሻሻልም ይቻላል። ከሁሉ የሚያዋጣው ከክፍሉ ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ አብሮ የሚጠቀለል ሸራ ነው። ያለ እሱ በክረምት የተጠራቀመው ውሃና ቅጠል ክፍሉ ሲገባ አብሮ ይገባል። ሸራ ከሌለ ጣሪያውን ሳይጠርጉ ማስገባት አይገባም።

አይሱዙ ላይ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ወይም ቡና ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ሊወስደው ይችላል። ብየዳው ጎበዝ ባለሙያ አያጣም። ሠሪውን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የባትሪው ኃይል ሲያልቅ ክፍሉ በእጅ እንዴት እንደሚገባ ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር ወጥቶ የቀረ ክፍል መኪናውን ከቦታው አያስነሳውም።