ጊዜ ቀጠሮ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ታሰረ። እናቱ በየጠዋቱ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያ ይሄዳሉ። በር ላይ ያለው ፖሊስ ክዳኑን ያስከፍትና "ይቅመሱ፣ እማማ" ይላቸዋል። ቀምሰው ያስገባሉ። በሦስተኛው ቀን ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። "14 ቀን ፈረዱበት" አሉን።

አልፈረዱበትም። የተፈቀደው ጊዜ ቀጠሮ ነው። ቀኑ የተሰጠውም ለመርማሪው ፖሊስ ነው፤ ምርመራውን እንዲጨርስበት። ልጁ ገና አልተከሰሰም፣ ተጠርጣሪ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ቤተሰብ ገና በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ሰው ሲጎዳ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ችሎት ለመጓዝ በግምት የሚፈጀው ሰዓት ብቻ አይቆጠርም። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል። ዝም የማለት መብት አለው፤ እመን ተብሎ አይገደድም።

ችሎት ሲቀርብ መርማሪው ተነስቶ "የምስክር ቃል መቀበል ይቀረናል፣ ያልተያዘ ግብረ አበር አለ፣ የሐኪም ማስረጃ አልመጣም" ይልና 14 ቀን ይጠይቃል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል። 14 ግን ጣሪያው ነው። ዳኛው አምስት ቀን ሊፈቅድ ይችላል፤ ጭራሽ ሊከለክልም ይችላል።

ችግሩ ሌላ ነው። አንቀጹ ስንት ጊዜ መፍቀድ እንደሚቻል አልወሰነም። ስለዚህ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ እየተደረበ ሰው ሳይከሰስ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንደኔ የሕጉ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ቀዳዳውን የሚያጠብበው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ባለፈው በተፈቀደልህ ጊዜ ምን ሠራህ?" ዳኛው ካልጠየቀ ተጠርጣሪው ወይም ጠበቃው እጅ አውጥቶ ማስታወስ ይችላል። "ያኔም ያሉት ይህንኑ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት" ማለት ነውር የለውም።

ዋስትናም እንደዚሁ ነው። አንዴ ተከለከልኩ ብሎ መተው አያስፈልግም፤ በየቀጠሮው መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ የሚከለክለው ሰውየው ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ብሎ ሲሰጋ ነው። በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ተበዳዩ ከሞተ ወይም ይሞታል ተብሎ ከተሰጋ ግን በሩ ዝግ ነው። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል ካለ በ15 ቀን ውስጥ ክሱን ያዘጋጃል። ተጠርጣሪው ተከሳሽ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ነው። ያኔም ቢሆን እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል።

ወደ ጎረቤታችን ልጅ ልመለስ። በሁለተኛው ቀጠሮ መርማሪው ሌላ 14 ቀን ጠየቀ። ልጁ እጁን አወጣ። "ምስክሮቹ ሁሉ ቃላቸውን ሰጥተዋል፣ ቋሚ አድራሻ አለኝ፣ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ" አለ። ዳኛዋ መዝገቡን አገላበጡና መርማሪውን ምን እንደቀረው ጠየቁት። በቂ መልስ አልነበረውም። ልጁ በገንዘብ ዋስ እንዲለቀቅ ታዘዘ። ሰፈሩ አዋጥቶ ገንዘቡን ሲያስይዝ ዓርብ ከሰዓት ሆኖ ነበር። የፍርድ ቤቱ የመፍቻ ትዕዛዝ ጣቢያ የደረሰው ሰኞ ነው። እናቱ ቅዳሜና እሑድም ምሳ ዕቃውን ይዘው ሄዱ፤ በር ላይም ቀመሱ።