በከባድ ወንጀሎች በድጋሚ የሚቀርብ የዋስትና ጥያቄ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች

በኢትዮጵያ በከባድ ወንጀል ተጠርጥሮ ወይም ተከሶ ዋስትና የተከለከለ ሰው ጥያቄውን በሌላ ደረጃ ወይም በአዲስ ምክንያት እንደገና ሊያቀርብ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19(6) በዋስ መፈታትን መብት አድርጎ ክልከላውን በሕግ ለተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ የተወ ሲሆን፣ ችሎቶች ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩበት የቆዩት ዝርዝር ድንጋጌ የሚገኘው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ነው። ይህ ሕግ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ማመልከት እንደሚችል በቁጥር አልወሰነም። ስለዚህ መዝገቡ ዳግም የቀረበለት ዳኛ የሚመረምረው ዋናው ነገር ካለፈው ትእዛዝ ወዲህ ምን ተለወጠ የሚለው ነው።

መልሱ የመጀመሪያው ክልከላ በየትኛው አንቀጽ ላይ እንደቆመ ይለያያል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 የወንጀሉን ክብደት ይመለከታል፤ የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል መሆኑን፣ እንዲሁም ድርጊቱ የተፈጸመበት ሰው መሞቱን ወይም ሊሞት መቻሉን። ሁለቱ ሁኔታዎች ተደምረው ነው ወይስ አንዱ ብቻውን በቂ ነው የሚለው ብዙ ያከራከረ ሲሆን፣ በችሎቶች አሠራር ሚዛን የደፋው ሁለቱ አብረው መሟላት አለባቸው የሚለው ንባብ ነው። አንቀጽ 67 በበኩሉ ሰውየውን ይመለከታል፤ የዋስትና ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክር የሚያባብልና ማስረጃ የሚያጠፋ መስሎ ከታየ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

በአንቀጽ 63 የተከለከለ ተከሳሽ ጸባዩ መልካም መሆኑን፣ ቋሚ አድራሻና ቤተሰብ እንዳለው ወይም መታመሙን ደጋግሞ ቢያስረዳ ብዙም አይጠቅመውም፤ ክልከላውን የሚያነሳው የተከሰሰበት አንቀጽ ወይም የተጎጂው ሁኔታ ሲለወጥ ነው። በግድያ ሙከራ የተያዘን ሰው እንውሰድ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ሲቀርብ ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ፖሊስም ሕይወቱ አስጊ ሁኔታ ላይ መሆኑን ገልጾ ይቃወማል። ከሳምንታት በኋላ ተጎጂው ከአደጋ መውጣቱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከመዝገቡ ጋር ሲያያዝ ጥያቄው ያው ቢመስልም ፍሬ ነገሩ ሌላ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ አዲስ ሁኔታ ከተገለጸ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 74 መሠረት ቀድሞ የሰጠውን ዋስትና መልሶ ማየት ይችላል።

የአንቀጽ ለውጥ ከዚህ ይበልጥ ወሳኝ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ ሰው መግደል ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ ቅጣት በሚያቃልል ሁኔታ የተፈጸመ ግድያን በሚመለከተው አንቀጽ 541 ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። በመሆኑም ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ ተከሳሹ በቀላሉ አንቀጽ እንዲከላከል በበየነ ማግስት ጠበቃው የዋስትና ማመልከቻ ይዞ ቢቀርብ ማንንም አያስገርምም።

በአንቀጽ 67 የተመሠረተ ክልከላ ግን ከጊዜ ጋር እየሳሳ መሄድ ይገባዋል። በአዲስ አበባ አራዳ ምድብ፣ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ በሚጠይቅበት የጊዜ ቀጠሮ ችሎት፣ መርማሪ ፖሊስ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው፦ ቀሪ የምስክሮች ቃል መቀበል፣ የፎረንሲክ ውጤት ማምጣት፣ ያልተያዙ ግብረ አበሮችን መያዝ። በአንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው ዝርዝር ሳይቀነስ ከቀረበ፣ ባለፉት ቀናት ምን እንደተሠራ ጠይቆ የምርመራ መዝገቡን ገልጦ የሚያይ ዳኛ የክልከላው መሠረት መሳሳቱን ይረዳል። ምስክሮቹ ቃላቸውን ከሰጡና ሰነዱ ከተያዘ በኋላ «ማስረጃ ያጠፋል» የሚለው ተቃውሞ ከልማድ ያለፈ ክብደት ሊሰጠው አይገባም፤ በተግባር ግን ወንጀሉ ከባድ ነው የሚለው ብቻ የአንቀጽ 67ን ምክንያት ተክቶ ሲያገለግል ይታያል።

ልዩ ሕጎች ይህን ሚዛን ይለውጡታል። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዝዙም እኚህ ተጠርጣሪ ዳግም ተያዙ፣ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅም ወጣ። አዋጅ ቁጥር 434/1997 ይህን ፍጹም ክልከላ አላልቶ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ላይ ወሰነው። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ፣ በ2012 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ፣ እያንዳንዱ ከ28 ቀን የማያንስ የጊዜ ቀጠሮ እየተሰጠ ምርመራው እስከ 4 ወር እንዲቀጥል ፈቅዶ ነበር።

ድጋሚ ማመልከት ከይግባኝ ይለያል። ይግባኝ በነበረው ነገር ላይ የተሰጠው ትእዛዝ ተሳስቷል ብሎ ለበላይ ፍርድ ቤት መቅረብ ሲሆን፣ አንቀጽ 75 ለዚህ የ20 ቀን ጊዜ ይሰጣል። አንቀጹ የሚናገረው ዋስትና ስለተከለከለው ሰው ቢሆንም፣ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ጠይቆ የመፍቻ ትእዛዙን ማሳገዱ በአዲስ አበባ ችሎቶች የተለመደ ሆኗል። በይግባኝ የተሰጠ ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለተከሳሹ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ብሎ ለሰበር ማመልከት፣ አለዚያም የተለወጠ ነገር ይዞ ወደ መጀመሪያው ችሎት መመለስ ነው።