ብዝኃ እይታ ምንድን ነው? ሽምግልና እንዳልሆነ አውቃለሁ

ሰሞኑን ስለ ታሪክ ትምህርት በተነሳ ክርክር ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ ነገሩን ባንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ብዝኃ እይታ ማለት እኮ የሁሉም ወገን ታሪክ እውነት ነው ማለት ነው፤ ሁሉም የየራሱን ይያዝ አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ የያዝኩት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬ ቀረሁ። ይህን አባባል ስልጠና ላይ ሰምቼዋለሁ። የመምህራን ማረፊያ (ስታፍ) ውስጥ ሰምቼዋለሁ። አሁንስ በዛ።

ቃሉን በመተርጎም ጊዜ አላጠፋም። አንዳንዱ ባለብዙ አተያይ ይለዋል፤ ያው ነው። አንድን ክስተት፣ በተለያየ ቦታ ቆመው ባዩት ሰዎች ቃል እየመረመሩ መማር ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃል "እየመረመሩ" የሚለው ነው። ሰዎቹ እሱን ጥለው "የተለያየ" የሚለውን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ግምት አለኝ። ሽምግልና እናውቃለን። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ይሰማል። አንተም ተው፣ አንተም ተው ይላል። ይቅር ለእግዜር ተባብለው ይነሳሉ። ደግ ነገር ነው፤ ጎረቤት ነገም አብሮ ይኖራልና። (አጣርቶ፣ ካሳ ወስኖ የሚነሳ ሽምግልና መኖሩን አውቃለሁ። የባህል ሕግ የምታጠኑ አትቆጡኝ።) ታሪክ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ሽማግሌ አይደለም።

ብዝኃ እይታ ይበልጥ የሚመስለው አውጫጭኝን ነው። አፈርሳታም ይባላል። ድሮ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ባንድ ቦታ ይሰበሰብና ያየ የሰማውን እንዲናገር ይደረጋል። ሁሉም የሚናገረው ሁሉም እውነት ስለያዘ አይደለም። አንዱ ያላየውን ሌላው ስላየ ነው። የአንዱ ቃል የሌላውን ያጠነክረዋል፤ ወይ ያፈርሰዋል። ተናጋሪ በበዛ ቁጥር ውሸት የሚደበቅበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል። አስተያየት ሰጪዬ ግን እየሰፋ የሚሄድ ነው የመሰለው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፣ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ጭፍጨፋ ሆነ። በአስተያየት ሰጪዬ መንገድ ብናስተምረው እንዲህ ይሆናል። የኢትዮጵያ እይታ 30 ሺህ ሰው ሞተ ይላል፤ የጣሊያን እይታ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ነው ይላል፤ ልጆች፣ የመሰላችሁን ያዙ። ሲብስ አማካዩን የሚወስድ መምህርም አለ። ይኼ ዋጋ መከራከር ነው፤ መርካቶ ይሻላል።

አሁን ምስክር እንጥራ። ቺሮ ፖጂያሊ የኮሪየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጠኛ ነበር፤ ጣሊያናዊ። በግል ማስታወሻው የጻፈው ጋዜጣ ላይ ሊወጣ የማይችል ነገር ነው። የጣሊያን ሲቪሎች ዱላና ብረት ይዘው መንገድ ላይ ያገኙትን ኢትዮጵያዊ ሲገድሉ ማየቱን ጻፈ። ማስታወሻው ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ላዲስላስ ሳቫ ደግሞ ከተማው ውስጥ የነበረ የሀንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ነው። ያየውን ጽፎ አሳተመ። የሁለቱም ቃል በሕይወት ከተረፉ የአዲስ አበባ ሰዎች ምስክርነት ጋር ይገጥማል።

እንግዲህ "የጣሊያን እይታ" የቱ ነው? የግራዚያኒ ወይስ የፖጂያሊ? ሁለቱም ጣሊያኖች ናቸው። እይታ ፓስፖርት አይደለም። ብሔርም አይደለም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ተማሪን በቡድን ከፍለው "እናንተ የዚህን ብሔር እይታ አቅርቡ፣ እናንተ የዚያን" የሚሉ ክፍሎች አይቻለሁ። ይህ ብዝኃ እይታ አይባልም። ልጁን የአንድ ወገን ጠበቃ አድርጎ መቅጠር ነው፤ ያውም ያለ ደሞዝ። አንድ ሕዝብ ውስጥ ያዘዘ አለ፣ የታዘዘ አለ፣ የደበቀ አለ፣ መስኮት ዘግቶ ያለቀሰ አለ። ተማሪው መጠየቅ ያለበት "ይህ ሰው ከየት ቆሞ አየ?" ብሎ ነው። ምን ሊያይ ይችል ነበር? ምን ይጋረድበታል? አይቶስ ለምን ዝም አለ? ፖጂያሊ ላይ የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው።

ገዳዩ ራሱም ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ግራዚያኒ ወደ ሮም በቴሌግራም አሳወቀ። (ስልካችሁ ላይ ያለውን አይደለም።) በኋላ የተደረገ ጥናት የገዳሙን ሟቾች ከ1 ሺህ በላይ ያደርሳቸዋል። ስለዚህ በቁጥሩ ላይ ክርክር አለ፤ ይኑርም። ድርጊቱ መፈጸሙ ላይ ግን ክርክር የለም፤ ፈጻሚው ራሱ ጽፎታልና። ሁለቱን መለየት ነው የትምህርቱ ፍሬ። የአዲስ አበባውንም እንዲሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው 30 ሺህ ነው። ኢያን ካምቤል የሚባለው እንግሊዛዊ አጥኚ ወደ 19 ሺህ ይገምታል። እኔ ሁለቱንም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከ30 ሺህ ዝቅ ማለት ክህደት የሚመስለው ተማሪ ሁሌም አይጠፋም። እሱን "ቁጥሩን እንዴት አገኙት?" እለዋለሁ እንጂ "የራስህን ያዝ" አልለውም።

ወደ አውጫጭኙ ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩትም። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍል ነበር። ሰነፍ ብዝኃ እይታም መጨረሻው እዚህ ነው። "ያው ሁላችንም አጥፍተናል" ይባልና መዋጮው በተገዳዩም በገዳዩም ላይ እኩል ይወድቃል። ደግሞ "ወፍ" የሚባል ነበር። ያየው ሰው ስሙ እንዳይታወቅ ቃሉ በወፍ በኩል ይመጣል። በታሪክ ክፍል ወፎቹ ሙሾ፣ የእረኛ ግጥምና የአያት ወሬ ናቸው። ማኅደር ውስጥ ስም የሌለው ሰው በነሱ በኩል ይናገራል። ወፍም ግን ይሳሳታል፤ ይዋሻልም። ከሌላው ቃል ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። በአውጫጭኝ ሰው እስኪናገር አይለቀቅም ነበር። ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ የቤቱን ጉድ እንዲያወጣ አይገደድም። ስለ ቀይ ሽብር ስናስተምር አጎቷ የተገደለባት ልጅና አያቱ አብዮት ጥበቃ የነበሩ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። "የቤተሰባችሁን ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ" የሚል የቤት ሥራ ቀላል ይመስላል። አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ሰጥቼው ሁለት ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከሰነድ ነው የምጀምረው። የቤቱ ታሪክ የሚገባው ልጁ ራሱ ሲፈልግ ነው።

ለዚህ ነው መምህር ሁሉ የውጫሌን ውል የሚወደው። አንቀጽ 17፣ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መገናኘት፦ በአማርኛ "ይቻላቸዋል"፣ በጣሊያንኛው ግዴታ። ሁለት ጽሑፍ፣ አንድ ውል፣ ግሩም ትምህርት። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ውሉን በጣሊያን በኩል የተደራደረው የአንቶኔሊ ዘመድ የለም። እንዲህ ባለው መጀመር ጥሩ ነው። እዚያው መቅረት ግን መሸሽ ነው።

ሌላው ድብልቅልቅ ሰብዓዊ መብት ላይ ይመጣል። "ብዝኃ እይታ ካላችሁማ ባርነትንም በደጋፊና በተቃዋሚ እናከራክር" የሚል አለ። አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ሰው በባርነት አይያዝም ይላል፤ ይህ የክርክር ርዕስ አይደለም። የጌታውን አስተሳሰብ የምናጠናው ነገሩ እንዴት የወጉ መስሎ እንደኖረ ለመረዳት ነው። ባርነትን እስከከለከለው የ1934 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ለምን እንደዘለቀ ለማየት ነው። መረዳት ደግሞ ይሁን ማለት አይደለም። ባሪያው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካገኛችሁ ኦኔሲሞስ ነሲብን አስተዋውቁት። በልጅነቱ ተሽጧል። ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቷል። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው እሱ ነው። እንደሱ ጽፎ የተገኘ ግን ጥቂት ነው። ብዝኃ እይታ የሌለውን ድምፅ ፈጥሮ አይሞላም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ያሳያል።

ማንም ያልጠየቀኝን ልጨምር። 60 ልጅ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ ይህ ሁሉ አይሆንም። ሁለት አጫጭር ሰነድ ይበቃል። አራተኛ ክፍል ላይ ደግሞ አንድም ይበዛል። ከዚያ ፈተናው አለ። የቀድሞው የሥነ ዜጋ መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት፤ ልጆቹ በቅደም ተከተል ሸምድደው ይመጡ ነበር። ምርጫ ጥያቄ ምስክር አያመዛዝንም። ባለፈው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፖጂያሊን፣ ሳቫንና ቴሌግራሙን ስናገላብጥ ቆየን። ፈተናው ቦምቡን የወረወሩት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሁሉም መለሱት። ለእሱማ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር።